አቃቂን ማን ጠየቃት?

ለእኛ ትውልድ «ቃሊቲ» የሚለው ስም ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ወህኒ ቤቱ ነው። «እገሌ ቃሊቲ ወረደ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ታስሯል። ከወህኒ ቤቱ ቀጥሎ ጉምሩኩ ይመጣል። አቃቂ ሲባል ደግሞ የፋብሪካ ጭስ፣ የሚሸት ወንዝና ከሳሪስ በኋላ ማለቂያ የሌለው የሚመስል አስፋልት። እዚያ የሚኖረው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ በፊትም ነበረ፣ አሁንም አለ።

ባለፈው ክረምት ከእኛ ሁለታችን በዚያው አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ በተጠራ የልማት ዕቅድ ውይይት ላይ ተገኝተን ነበር። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደነበረ ይቅር፤ ሁላችሁም ተመሳሳዩን አይታችኋልና። ነዋሪው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተጠርቶ በአራት ሰዓት ተጀመረ። በየወንበሩ ላይ የተጠረዘ ወረቀት ተቀምጧል። ወጣቱ ባለሙያ «ዛሬ የተሰበሰብነው የእናንተን ሐሳብ ለመስማት ነው» ብሎ ከፈተ። ከኋላ ረድፍ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ምንድነው?»

«እናቴ፣ ዕቅዱ ነው። መነሻ ሐሳብ ማለት ነው።»

«መነሻ ከሆነ ታዲያ ማኅተሙ ምን ይሠራል?»

አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያውም ሳቀ። እናትየው ግን አልሳቁም። እኛም ወደ ቤታችን ስንመለስ በሚኒባስ ውስጥ ይህችኑ ጥያቄ ስናመላልሳት ነበር። ድህነትን የሚቀንሰውን ዕቅድ ድሃው ራሱ ያወጣው መቼ ነው? በዚህች ከተማ፣ በዚህ ጥግ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሆኖ ያውቃል? ወረቀት አገላበጥን፣ ሽማግሌ ጠየቅን። ያገኘነው እነሆ።

ከሌላ ቦታ የታቀደች ከተማ

አቃቂ መጀመሪያ የታወቀችው ለአዲስ አበባ ደጃፍ በመሆኗ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን፣ ቀሪዋን ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ጨርሶ ዋና ከተማዋ ለመግባት ሁለት ዓመት ወስዶበታል። ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያው ተተከለ። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን ሊወርር ደጃፍ ላይ በቆመበት ጊዜ፣ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት በዚሁ በአቃቂ ጣቢያ በኩል ነበር። በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ፤ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ እርሱ ነው። ቀጥሎ ፋብሪካው መጣ። ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከየገጠሩ ሠራተኛ ስቦ አቃቂን የወዛደር ከተማ አደረጋት። በደርግ ዘመን ደግሞ የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ ተጨመረ።

ሐዲድ፣ ሬዲዮ፣ ግድብ፣ ፋብሪካ፤ ሁሉም ትልቅ ነገር ነው። አንዱም ግን «አቃቂ ምን ያስፈልጋታል?» ከሚል ጥያቄ የተነሳ አይደለም። ጥያቄው ሁልጊዜ «አዲስ አበባ ምን ያስፈልጋታል?» ነበር። ዛሬም ቢሆን መልኩ ብዙ አልተለወጠም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ቀላል የማይባለው ከአቃቂ ከርሰ ምድር ጉድጓዶች ይወጣል። የከተማዋ ዋናው የፍሳሽ ማጣሪያ ደግሞ ቃሊቲ ነው። ንጹሑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆሻሻው ወደ ታች ይወርዳል። የአቃቂ እናት ጀሪካን ይዛ ተራ ስትጠብቅ ውኃው ከእግሯ ሥር በቧንቧ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለአቃቂ የተተረተ ይመስለናል። ልዩነቱ አቃቂ የምታማስለው ወዳ አለመሆኑ ነው።

ዕድር፦ ማኅተም የሌለው ዕቅድ

ከላይ የመጣው ዕቅድ ሁሉ ስለ ድሃው ሳይጠይቅ ሲያልፍ፣ ድሃው የራሱን ዕቅድ እያወጣ ነበር። ስሙን «የድህነት ቅነሳ ፕሮግራም» አላለውም። ዕድር ነው ያለው።

ተመራማሪዎች የከተማውን ዕድር አነሳስ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጋር፣ ከአገሩ ርቆ አዲስ አበባ ከገባው ሰው፣ በተለይም ከጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። በጣልያን ወረራ ጊዜና ከዚያ በኋላ ተስፋፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በገጠር ሰው ሲሞት ዘመድ ይቀብራል። በከተማ፣ ያውም በፋብሪካ ሰፈር፣ ጎረቤትህ ከየት እንደመጣ አታውቀውም። ስለዚህ ጎረቤትን በደንብ ዘመድ ማድረግ አስፈለገ።

እኛ ወጣቶች ዕድርን የምናውቀው በጡሩምባውና በድንኳኑ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ብዙ የልማት ባለሙያ የሚመኘው ነገር ሁሉ አለበት። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለ። የተመረጠ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለ። በሳጥን ውስጥ ስንት እንዳለ አባሉ ሁሉ ያውቃል። የቀረ ይቀጣል፣ ያጎደለ ይጠየቃል። ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል የሚለውን የሚወስነው ገንዘቡን ያዋጣው ሰው ራሱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን አያቶቻችን በሒሳብ መዝገብ ነው የጻፉት።

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ ዕድሮች ከቀብር አልፈው መንገድ መጥረግ፣ ድልድይ መሥራት፣ ለትምህርት ቤት ማዋጣት ጀምረው ነበር። መንግሥትም አየ። በተለይ በከንቲባ ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ወርቅነህ ዘመን ማዘጋጃ ቤቱ ዕድሮችን የሰፈር ልማት አጋር አድርጎ ለመያዝ ሞክሯል። ሙከራው ጅምር ነበር፤ ከበላይ የመቆጣጠር ፍላጎትም አልጠፋበትም። ግን አንድ ትክክለኛ ነገር ገብቶታል፦ ሰፈሩ አስቀድሞ ተደራጅቷል፣ አዲስ ኮሚቴ መፍጠር አያስፈልግም።

ዕድርን ግን መልአክ አናድርገው። ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ያልቻለ ከዕድር ውጭ ነው፤ የድሃ ድሃ የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ስሙ የለም። ተከራይ፣ አዲስ ገቢ፣ የቀን ሠራተኛ በር ላይ ይቀራል። በብዙ ዕድር ዳኛው ወንድ ነው፤ ሴቶች ወጥ ይሠራሉ፣ ወይ የራሳቸውን የሴቶች ዕድር ያቋቁማሉ። ይህን ሳንናገር ዕድርን ብናወድስ አዳራሹ ውስጥ እንዳነበብነው ወረቀት መሆናችን ነው።

ቀበሌ፦ ገንዘብ የነበረው ተሳትፎ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የሚታወሰው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን በመውረሱ ነው። አባቶቻችን እስከ ዛሬ የሚጣሉበት ጉዳይ ነውና እኛ አንገባበትም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን በዚያው አዋጅ ውስጥ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ መቋቋማቸውን ነው። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን ኪራይ የሚሰበስበው ቀበሌው ሆነ። ገንዘቡም ለሰፈሩ አገልግሎት እንዲውል ተፈቀደለት።

እስኪ ቆም ብለን እናስብ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፈር በሕግ የታወቀ ገቢ አገኘ፤ በዚያ ላይ የራሱን መሪ መርጦ ምን እንደሚሠራ ሊወስን ነው። የኅብረት ሱቅ ተከፈተ፣ መዋዕለ ሕፃናት ተሠራ፣ መጸዳጃ ተቆፈረ። በወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን ከዚያ በፊት ለድሃ ሰፈር ተሰጥቶ አያውቅም።

ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ዓመት ሳይሞላው ብዙ ቀበሌው በፖለቲካ ተዋጠ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው አዋጅ ቀበሌዎችን ከማጠናከር ጋር የአብዮት ጥበቃ ሥራ አሸከማቸው። በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌ መታሰሪያ፣ መገረፊያ፣ መጋለጫ ሆነ። ልማት ሊያቅድ የተመረጠው ኮሚቴ ጎረቤቱን መዝጋቢ ሆኖ አረፈው። ዕድርም ወደ ቀብሩ ተመለሰ፤ ከዚያ ያለፈ ሐሳብ ማንሳት አያዋጣም ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ ይመስለናል። የእናቶቻችን ትውልድ ግን ዛሬም «ስብሰባ ተጠርታችኋል» ሲባል ፊቱ የሚጠቁረው በዚያ ምክንያት ነው። ስም መመዝገብ ያስፈራል፣ እጅ ማውጣት ያስፈራል። «ነዋሪው አይሳተፍም፣ የአመለካከት ችግር አለበት» እያሉ የሚወቅሱ ባለሙያዎች ይህን አንድ ገጽ ቢያነቡ ጥሩ ነው።

ከዚያው ዘመን ግን አንድ ሌላ ክርም ወጥቷል። የከንቲባው የዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ባለቤት ሲስተር ጀምበር ተፈራ ነርስ ነበሩ። ደርግ ባልና ሚስቱን አሰራቸው፤ እርሳቸው ለዓመታት ከታሰሩ በኋላ ሲፈቱ ወደ ውጭ አልሄዱም፣ ወደ አዲስ አበባ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች ነው የገቡት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባቋቋሙት የከተማ ልማት ድርጅት ውስጥ ቤት ማደስ፣ ጤናና የሰፈር አደረጃጀት በአንድ ላይ፣ ከነዋሪው ጋር እየተመከረ እንዲሠራ ጣሩ። ጣራው ከጤናው፣ ጤናው ከገቢው አይነጠልም ብለው ነበር የሚያምኑት። ባል በማዘጋጃ ቤቱ በኩል የጀመሩትን ሚስት በሰፈሩ በኩል ቀጠሉት ማለት ይቻላል።

ተሳትፎ ከዋሽንግተን ሲመጣ

«ኅብረተሰቡን ያሳተፈ» የሚለው ሐረግ በየወረቀቱ ላይ የተለጠፈው በ1990ዎቹ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ባንክና የገንዘብ ድርጅቱ ዕዳ ሊሰረዝላቸው የሚፈልጉ ድሃ አገሮች የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ እንዲያወጡ፣ ስትራቴጂውም ከሕዝብ ጋር ተመክሮ እንዲሆን ወሰኑ። የተሳትፎ ግዴታው የመጣው ከዚያ ነው። ድሃውን ጠይቁ ተብሎ የታዘዘው መንግሥት ነው፤ አዛዡም ድሃው አልነበረም።

በኢትዮጵያ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ምክክሩ በ117 ወረዳዎች ተካሄደ። አገሪቱ በወቅቱ ወደ 550 ወረዳዎች ነበሯት። ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል ወጣ። በሐምሌ 1994 ዓ.ም. የዘላቂ ልማትና ድህነት ቅነሳ ፕሮግራሙ ጸደቀ። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. አገሪቱ የዕዳ ቅነሳውን የመጨረሻ ደረጃ ደረሰች።

በፍትሕ እንናገር። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ሰው ስለ ድህነቱ በመንግሥት ተጠይቆ አያውቅም። በየወረዳው ውኃ፣ መንገድ፣ ጤና፣ የመሬት ዋስትና፣ የአስተዳደር በደል ተነሳ። የሲቪል ማኅበራት ትችት ሌላ ነበር፦ ጊዜው አጠረ፤ ተሰብሳቢውን የመረጠው የአካባቢው አስተዳደር ነው፤ ዋናው አቅጣጫ፣ ማለትም ግብርና መር የሚባለው፣ ለውይይት አልቀረበም። ሰዉ ችግሩን ዘረዘረ፣ መድኃኒቱ ግን አስቀድሞ ታዝዞ ነበር። ግብርና መር በሆነ ዕቅድ ውስጥ የከተማ ድሃ፣ ከፋብሪካ የተቀነሰ የአቃቂ ሠራተኛ፣ የት ይግባ? ለከተማ ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ የተሰጠው በቀጣዩ ዕቅድ፣ ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ነው።

አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ዜጎች ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ያለው መሰላል ሠርታ ነበር። ከታች ማታለል አለ፣ ከላይ ዜጋው ራሱ የሚወስንበት። መሐል ላይ ማሳወቅና ማማከር ይገኛሉ፤ ሰው ይናገራል፣ የተናገረው ግን የት እንደሚደርስ ዋስትና የለውም። የእኛ ስብሰባዎች አብዛኛዎቹ የመሐሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አበል ይበላሉ። በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሰፈር ጉባኤዎች ከከተማዋ የካፒታል በጀት ላይ የቱ ሰፈር ምን እንደሚቅደም በድምፅ ያስቀምጡ ነበር። ከንግግር ወደ ገንዘብ መሻገር ይሏል ይህን ነው።

ዕድሩ እንደገና

በዚያው በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ሰፈሮችን ሲያራቁት ዕድሮች ከማንም በፊት በሒሳባቸው አዩት። ቀብሩ በዛ፣ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። በአዲስ አበባ በርካታ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሻሉ፤ አባል ሲሞት ከመቅበር በፊት ሲታመም መደገፍ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ማሳደግ ጀመሩ። ተባብረው የዕድሮች ኅብረት ያቋቋሙም አሉ። ከዋሽንግተን የታዘዘ አልነበረም። ሰፈሩ ችግሩን አየ፣ ተሰበሰበ፣ ወሰነ፣ ከፈለ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጅ ብዙ ድርጅቶችን ሲያሽመደምድ ዕድርና ዕቁብን ከአዋጁ ውጭ አደረጋቸው። በ2011 ዓ.ም. ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ስለ መብት ለመናገር የውጭ ገንዘብ መንካት ለማይችሉ ማኅበራት ዘመኑ ጨለማ ነበር። ዕድሩ ግን በዚያው ድንኳኑ ሥር ቀጠለ። መንግሥታት ሁሉ ዕድርን የሚተዉት ቀብር ነው ብለው ስለሚንቁት ይመስለናል። ንቀትም አንዳንድ ጊዜ ያተርፋል።

ዝርዝሩን ማን ጻፈው?

አሁን ወደ ቅርቡ እንምጣ። በ2009 ዓ.ም. የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ በጀቱ 450 ሚሊዮን ዶላር፣ 300ው ከዓለም ባንክ፣ 150ው ከመንግሥት። ከ600 ሺ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ የተነሳ ሲሆን ትልቁ ድርሻ የአዲስ አበባ ነበር። ጠዋት ጠዋት አረንጓዴና ብርቱካን ለብሰው መንገድ የሚጠርጉት፣ ችግኝ የሚያጠጡት እናቶች ብዙዎቹ በዚህ የታቀፉ ናቸው። መሥራት የሚችል በቀን 60 ብር ሒሳብ እየታሰበለት፣ ከዚያም 20 በመቶው እየተቆጠበለት ጀመረ። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ቀጣዩ ምዕራፍ ወደ ሌሎች ከተሞችም ሰፍቷል።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር አመራረጡ ነው። ማን ድሃ ነው የሚለውን የሚለየው ከነዋሪው የተውጣጣ የልየታ ኮሚቴ ነው። በደንቡ መሠረት ስሙ ይለጠፋል፣ ቅር ያለው አቤት ይላል። ሐሳቡ የዕድር ሐሳብ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል። በተግባር ግን ጎረቤት ጎረቤቱን ይፈራልም፣ ይወዳልም፣ ይዛመዳልም። በየሰፈሩ «የእገሌ አክስት ገባች፣ ልጆች ይዛ የምትለምነዋ ቀረች» የሚል ወሬ ያልሰማ የለም። የተለጠፈውም ዝርዝር አንዳንዴ ዝናብ ቀድሞ ያነበዋል።

ከዚህም በላይ ነዋሪው የተጋበዘው ስም እንዲጽፍ ነው። ምን ይሠራ የሚለው በር ላይ ቀርቷል። የአቃቂ ድሃ ቢጠየቅ ምናልባት መንገድ ከመጥረግ በፊት በየክረምቱ ቤቱ ለሚገባው ወንዝ ግንብ ይመርጥ ነበር። ምናልባት ቦኖ። ምናልባት የሕፃናት ማቆያ፣ እናቶች ልጅ አዝለው መጥረጊያ እንዳይዙ። ምናልባትም መጥረጉን። አናውቀውም፤ መጠየቅ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ድንኳኑን ማን ይትከል?

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ከተነሱ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የሰፈሩት እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ጉራ ነው። ቤት ተሰጥቷቸዋል፤ አዲስ ነው፣ ከድሮው የደሳሳ ጎጆ ጣሪያ ጋር አይወዳደርም። ይህን መካድ አንፈልግም። ቤት ግን በመኪና ይጓዛል እንጂ ዕድር አይጫንም። ለአርባ ዓመት ያዋጡበት ዕድር አባላቱ በየአቅጣጫው ተበትነው ድንኳኑን ማን ይትከል? ብድር የሚሰጥ ባለሱቅ፣ ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት፣ ቡና ጠሪ፣ እነዚህ በየትኛው የዕቅድ ሠንጠረዥ ይሞላሉ? የድሃ ሀብት ሰው ነው። ሰውየውን አንስቶ ሰዎቹን መበተን በቤቱ ያገኘውን በሌላ በኩል ማስከፈል ነው።

አቃቂም በበኩሏ ተቀብላለች፤ እንደ ልማዷ። እንደ ባቡሩ፣ እንደ ፋብሪካው፣ እንደ ወህኒ ቤቱ። እርሷን «እንግዳ መጥቷል፣ ውኃሽ ይበቃል? ትምህርት ቤትሽ ቦታ አለው?» ብሎ የጠየቃት ካለ አልሰማንም።

እኛ የምንለው

እኛ አዋቂ ነን አንልም። ታሪኩን አንብበን የተረዳነው ግን ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነዋሪው ወረቀቱ ሳይታተም ይጠራ። ሁለተኛ፣ ትንሽም ቢሆን የታወቀ ገንዘብ ይቀመጥለትና ምን ላይ እንደሚውል እርሱ ይወስን፤ የ1967ቱ ቀበሌ ይህን ለጥቂት ጊዜ አሳይቶ ነበር፣ ያበላሸው ፖለቲካው እንጂ ሐሳቡ አይደለም። ሦስተኛ፣ የተነገረው የት እንደደረሰ ይነገረው። ዕድር ወር በወር ሒሳብ ያቀርባል፤ ሚሊዮን የያዘ መሥሪያ ቤት ከሃምሳ አባል ዕድር ያነሰ ተጠያቂ መሆን አልነበረበትም። በዚያ ጉባኤ ላይ ደግሞ መዋጮ የማትችለው ሴት፣ ተከራዩ፣ የቀን ሠራተኛውም ወንበር ይኑራቸው፤ አለዚያ የዕድሩን ጉድለት በመንግሥት ማኅተም ማጽደቅ ይሆናል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። አቃቂ አጥሯ ስንት ጊዜ እንደተነቀነቀ ቆጥረን አልጨረስንም።

የዚያን ቀን ስብሰባ መጨረሻ ልንገራችሁ። ከምሳ በፊት ዕቅዱ «በሙሉ ድምፅ» ጸደቀ፤ ውኃና ለስላሳ ታደለ። ነጠላ ያጣፉት እናት ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ ጠጋ ብለን «እማማ፣ ሊያነቡት ነው?» አልናቸው።

«አይ ልጆቼ፣ እኔ አላነብም። ጀርባው ንጹሕ ነው። ለዕድራችን የመዋጮ መመዝገቢያ ይሆናል።»